ፍልሰታን የጾመው ሣር

ከኮሚቴ ሸሽቼ ኮሚቴ ላይ ወደቅሁ። ስንት ዓመት አልፎም የሚያናድደኝ ይኼ ነው። ቀይ ሽብሩ ገና ሳይበርድ፣ የቀበሌው ኮሚቴ ቤት ለቤት ሰው እየለቀመ መግቢያ መውጫ ሲያሳጣን፣ ከመተማ ወደ ገላባት በእግር ተሻገርን፤ ከዚያ እንደ ማሽላ ጆንያ ሎሪ ላይ ተጭነን ገዳሪፍ ገባን። እዚያስ ማን ቆየን? ሱዳኖች ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ሥር፣ በአንድ የጣውላ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ አምስት ወንዶች። እነሱም ኮሚቴ ነን አሉ።

እውነቱን ለመናገር የተሰበሰቡት ለደግ ነገር ነው። ለስደተኛው ልጆች ትምህርት ቤት ሊከፍቱ አስበው አስተማሪ የነበረ ሁሉ ይምጣ አሉ። እኔ በጎንደር ቆላ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ስድስት ዓመት ሳይንስ አስተምሬአለሁ። ገዳሪፍ ከገባሁ ወዲህ ግን የምኖረው የሰው ልብስ እየጣፍሁ፣ ክረምት ሲመጣ የሰው ሰሊጥ እያረምሁ ነበር። አስተማሪ መሆኔን የሚያውቅ ሰው በዚያ ከተማ አንድም አልነበረም። ገበያ ላይ «አንቺ ሐበሻ» ነኝ፤ እርሻ ላይ ደግሞ ቁጥር ነኝ። ስለዚህ ያን ቀን የተሻለውን ቀሚሴን ለብሼ፣ ጸጉሬን ተሠርቼ፣ ሥራዬን ላስመልስ ሄድሁ።

ሰብሳቢው አገር ቤት የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረ ሰው ነው። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ እጁን ዘረጋ።

«የትምህርት ማስረጃሽን።»

«አቃጠልሁት።»

«ለምን?»

ለምን ይለኛል! ከሰማይ የወረደ ይመስል! በዚያ ሰሞን መማር ራሱ ወንጀል ነበር። በየኬላው ሻንጣ ይገለበጣል፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዛ የተገኘች አስተማሪ «የየትኛው ድርጅት ነሽ?» ትባላለች። ስለዚህ በገዛ እጄ ምድጃ ውስጥ ከትቼ፣ አመድ እስኪሆን ቆሜ አየሁት። ሰብሳቢው የራሱን ወረቀት በኮቱ ገበር ውስጥ ሰፍቶ እንዳመጣ በኋላ ሰማሁ። ኮት ያለው ሰው ይህን ያህል ይበልጠናል።

«ገላባትን የተሻገረ ሁሉ አስተማሪ ነው» አለና ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «ሹፌሩም አስተማሪ፣ ቀዳሹም አስተማሪ። እስቲ አስተማሪ ከሆንሽ እኛ የማናውቀውን አንድ ነገር አስተምሪን።»

ንዴት አፍ ላይ ምን እንደሚያመጣ አይታወቅም። «ነፍሳት እያጠመደ የሚበላ ሣር አለ» አልሁ።

ሳቁብኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የተሳቀብኝ ቀን የለም። አንዱ ዓይኑን እየጠረገ «እኛ ሥጋ ካየን ስንት ወራችን፣ ሣሩ ሥጋ ይበላል?» አለ። ሌላው ደግሞ የገዳሪፍ ፀሐይ አናት ሲመታ መጀመሪያ የሚያደርገው እንዲህ ነው ብሎ ለጎረቤቱ ነገረው፤ እኔ እየሰማሁ።

«በዓይኔ አይቼዋለሁ። ዘሩም አለኝ። አብቅዬ አመጣላችኋለሁ» አልሁ።

ሰብሳቢው ደብተሩን ገለጠ። «ትምህርት በመስከረም ይከፈታል። እስከዚያ ሥጋ በሊታ ሣርሽን ካመጣሽ የሳይንሱ ክፍል ያንቺ ነው። ካላመጣሽ ግን ዳግመኛ አታስቸግሪን።» ይህንንም በቃለ ጉባኤ ጻፈው። ወሩ ግንቦት ነበር።

ዘሩ አለኝ ያልሁት ውሸት አይደለም። የማስተምርበት መጽሐፍ እንዲህ ያለ ተክል በሩቅ አገር ረግረግ ብቻ እንደሚገኝ ይናገር ነበር፤ እኔም አምስት ዓመት ሙሉ ያንኑ ስደግም ኖርሁ። በስድስተኛው ዓመት፣ በመስከረም፣ ከተማሪዎቼ ጋር ዕፀዋት ስንሰበስብ ከአለት ሥር ውኃ በሚሰርግበት አሸዋ ላይ አገኘሁት፤ ከብት በሚረግጠው ቦታ፣ እግሬ ሥር! ቁመቱ ከስንዝር አይበልጥም። ቅጠሉ እንደ ክር የቀጠነ ነው፤ በክሩ ላይ ቀያይ ጸጉር አለው፤ በየጸጉሩ ጫፍ ጤዛ የሚመስል ሙጫ ይንጠለጠላል። ትንኟ ውኃ መስሏት ታርፋለች፤ በዚያው ትያዛለች፤ ቅጠሉም ቀስ እያለ ይጠቀልላታል። በማግስቱ የሚቀረው ቅርፊቷና ክንፏ ነው። እኔ ከመደነቅ ይልቅ ተናደድሁ። በጓሯችን ያለውን የሩቅ አገር ነው የሚለን መጽሐፍ ምን መጽሐፍ ነው? ያንን የማስተምር እኔስ ምን አስተማሪ ነኝ? በጥቅምት ተመልሼ ዘሩን ለቀምሁ። ዘሩ ከጤፍም የደቀቀ ጥቁር አቧራ ነው። በተረፈ የፈተና ወረቀት ጠቅልዬ የመርፌ ቆርቆሮዬ ውስጥ ከተትሁትና ረሳሁት።

ስሰደድ እንጀራ ይሆነኛል ብዬ መርፌና ክሬን ይዤ ወጣሁ። ማስረጃዬን አቃጥዬ አቧራ ይዤ ተሰደድሁ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልናገር፤ ሌላውን ብቻ መውቀስ ነውር ነው። ከኮሚቴው በወጣሁ በሳምንቱ፣ በችኮላ፣ ግማሹን ዘር ዘራሁት። ያጠጣሁት በአህያ ጋሪ ከሚዞረው በርሜል የገዛሁትን የጉድጓድ ውኃ ነው። የገዳሪፍ የጉድጓድ ውኃ ደግሞ ጨዋማ ነው፤ ሻይ እንኳ ያበላሻል። ጥቂት ቀን ቆይቶ አሸዋው ላይ ነጭ ቅርፊት ወጣ፤ ከዘሩ ግን አንድም አልወጣ። ይህ ተክል የሚኖረው ምንም በሌለበት መሬት ነው። አፈሩ ስለማያበላው ነው ትንኝ የሚያጠምደው። ጨውም፣ ፍግም፣ የሰባ አፈርም ይገድለዋል። ይህን ስድስት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ፤ እጄ ግን አያውቀውም ነበር።

ሰኔ እስኪገባ ታገሥሁ። ዝናቡ ሲጀምር፣ ኾር ከሚሉት ክረምት ብቻ ከሚሞላው ወንዝ አሸዋ ተሸክሜ መጣሁ፤ ከቆርቆሮ ጣራ ባጠራቀምሁት የዝናብ ውኃም ደጋግሜ አጠብሁት። ሰፈሩ ተሳለቀብኝ። ገዳሪፍ እኮ ዱላ ቢተክሉበት የሚያበቅል ጥቁር አፈር ያለበት አገር ነው፤ እዚያ ተቀምጦ አሸዋ አጥቦ መዝራት የጤና አይመስልም። እኔ ግን ሦስት የዘይት ጀሪካን ከወገባቸው ቆረጥሁ፣ ታቻቸውን በሚስማር በሳሁ፣ አሸዋውን ሞላሁና የዝናብ ውኃ በያዘ ሳፋ ውስጥ አቆምኋቸው፤ ውኃውን ከሥር ይስባሉ። ዘሩን ከላይ በተንሁት እንጂ አልቀበርሁትም፤ ብርሃን ካላየ አይበቅልም። ወረቀቱ ላይ ተጣብቃ የቀረችውን ትራፊ ደግሞ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በአንዲት የወተት ጣሳ አሸዋ ላይ አራገፍኋት። ለክፉ ቀን ብዬ ነው።

ይህን ሁሉ ስሠራ ቆመው የሚያዩኝ አንዲት ሴት ነበሩ። ሱዳኖች ሆሽ በሚሉት አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ሁለት ጎጆ ተከራይተን ነበር የምንኖረው። በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ፤ እትዬ ነበር የምላቸው። የሰው ልብስ ያጥባሉ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ጾሙንና በዓሉን ግን በጣታቸው እየቆጠሩ፣ ደወል በማይሰማበት ሰፈር፣ አንድ ቀን አያስቱም። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፤ አንዱ አሥራ ሰባት፣ አንዱ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ጎንደር ሊማሩ ልከዋቸው፣ ቀይ ሽብሩ ሁለቱንም በላቸው። «ትልልቆች ናቸው፣ ራሳቸውን ያውቃሉ ብዬ ለቀቅኋቸው» ብለውኝ ነበር አንድ ጊዜ። በዚያ ዘመን ለተገደለ ልጅ ማልቀስ ክልክል ነው፤ ድንኳን አይተከል፣ ከል አይለበስ። እትዬም ሳያለቅሱ ተሰደዱ። እኔም ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም።

ዘሩ በሁለተኛው ሳምንት በቀለ። መጀመሪያ በመርፌ ጫፍ የተነካች የምትመስል አረንጓዴ ነጥብ፤ ከዚያ ሁለት ጸጉር፤ ከዚያ በጸጉሩ ጫፍ ላይ ለዓይን የምታስቸግር ጤዛ። ሐምሌ ላይ ትልልቆቹ ግማሽ ስንዝር ደረሱ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት ትንኝ ስትንቀሳቀስ፣ ስትንቀሳቀስ፣ ከዚያ ዝም ስትል አየሁ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ! ማስረጃዬ አሸዋ ላይ በቀለልኝ።

«እትዬ፣ ይምጡ እስቲ! ይዩልኝ!»

እጃቸውን ከሳሙናው እያራገፉ መጡና አጎነበሱ። ቅጠሉ ሲጠቀለል ለማየት እዚያው ቁጭ አሉ፤ ልብሱ በሳሙናው ውስጥ እንዳለ ቀትር ሆነ። ሲነሡ አማተቡ።

«ረቡዕም ይበላል?» አሉኝ።

ሳቄ መጣ። «ረቡዕም ይበላል፣ ዓርብም ይበላል።»

«ጾም የለውማ?»

«ታዲያ አንቱ ያስጹሙታ!» አልሁና እየሳቅሁ ወደ መርፌዬ ተመለስሁ።

በሐምሌ መጨረሻ የሰሊጥ አረም ደረሰ። ሎሪው ቁረይሻ ወደሚባለው የእርሻ ስፍራ ሰው ሊጭን መጣ። ያ ሥራ ካለፈ እስከ አጨዳ ሌላ የለም፤ አልሄድም ማለት አልችልም። ትልልቆቹ ደግሞ ጫፋቸው ላይ እምቡጥ ይዘዋል። ተመልሼ ስመጣ አብበው አገኛቸዋለሁ፣ በመስከረም ይዣቸው እገባለሁ ብዬ ልቤ ሞላ። እትዬን ጠራሁና እንደ አለቃ አዘዝኋቸው፤ የዝናብ ውኃ ብቻ፣ እሱም ወደ ሳፋው ብቻ፤ አፈር እንዳይጨምሩ፣ ፍግ እንዳይጨምሩ፣ ፍየል እንዳይደርስባቸው።

«እንደ ዓይኔ ነው የምጠብቃቸው» አሉ።

ጠበቋቸውም። በዚህ ልወቅሳቸው አልችልም።

እርሻው ላይ ጥቁሩ ጭቃ እግር ይዞ አይለቅም። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለን እናርማለን፤ የባለእርሻው ወኪል ከኋላ ቆሞ «ያላ፣ ያላ» እያለ ያጣድፈናል። እኔ ግን በልቤ ራኩባው ሥር ነኝ። ጀሪካኑን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ፣ ሰብሳቢው ቀና ብሎ ሲያየኝ፣ ያ ዓይኑን እየጠረገ የሳቀው ሰው ሳቁ ሲጠፋ። የምናገረውን ከመስመር መስመር አጠናሁ። አብረውኝ ለሚያርሙት ሴቶች እንኳ «በመስከረም ትምህርት ቤት ነኝ» ብዬ ጉራዬን ነዛሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት እኔ ነኝ።

ፍልሰታ በተፈታበት ዕለት ተመለስሁ። ሆሹ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ትልቁን የብረት ሳፋ ነው፤ ተደፍቶ፣ ከላዩ ድንጋይ ተጭኖበት። ድንጋዩን ገፍቼ ሳፋውን ሳነሣው የሻገተ ሽታ ወጣ። ሦስቱም ጀሪካን ውስጥ ያለው ሁሉ ነጭ ሆኖ፣ እንደ ተቀቀለ ክር አሸዋው ላይ ተኝቷል። እምቡጦቹ ጠቁረዋል። ውኃቸው ሙሉ ነው፤ ንጹሕ የዝናብ ውኃ።

እትዬ ከጎጇቸው ወጡ። ፊታቸው በጾም ከስቷል፤ ደስ ብሏቸዋል።

«እንኳን በደኅና መጣሽ ልጄ። አሥራ አምስቱንም ቀን ጾመልሽ። እንኳን ዝንብ፣ ትንኝ አላስነካሁትም። ዛሬ ልከፍትለት ስል መጣሽ።»

ያን ጊዜ የተናገርሁትን እንዳልተናገርሁት ዝም ብዬ ባልፈው ደስ ባለኝ፤ ግን የተጻፈው ሁሉ ውሸት ይሆናል። ያለወትሮዬ «አንቺ» አልኋቸው። «አንቺ መሃይም!» አልሁ፣ የሆሹ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ገደልሻቸው! በገዛ እጅሽ ገደልሻቸው!»

ለማን ነው «ገደልሻቸው» የምለው? አላሰብሁም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆሙ። ዞረው ጎጇቸው ገቡና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉ፤ ቢወረውሩት ይሻለኝ ነበር።

የወተቷን ጣሳ ያየኋት በማግስቱ ጠዋት ነው። ከአጥሩ ሥር፣ ትንሽ ቅርጫት ተደፍቶባታል። እሷም አበቃላት ብዬ ተውኋት። ቀትር ላይ ግን እትዬ ወጡና፣ እኔን ሳያዩኝ፣ ቅርጫቱን አንሥተው ጣሳዋን ወደ ፀሐይ አወጧት። ሄጄ አየሁ። ሰባት ስምንት ቡቃያ፣ ትንሽ የቀጠኑ፣ ግን አረንጓዴ፣ ጤዛቸው የሚያብረቀርቅ፤ አንዷ እንዲያውም ትንኝ ይዛለች።

«ይኼስ?» አልሁ፣ በቁጣዬ ላይ እንዳለሁ።

«እነሱማ ሕፃናት ናቸው» አሉ እትዬ፣ ወደ መሬት እያዩ። «ሰባት ዓመት ላልሞላው ጾሙ እስከ ቀትር ነው። ከቀትር በኋላ የሰጡትን ይበላል። ትናንት ከተቆጣሽኝ ወዲህ ያላንቺ ፈቃድ ጾሙን ማስፈታት ፈርቼ ነው ዛሬም የከደንሁት።»

መሳቅ አልቻልሁም፤ ማመስገንም አልቻልሁም። ቅርጫቱን ወስጄ አራቅሁት፣ በቃ። ከዚያ ቀን እስከ መስከረም በአንድ ግቢ ውስጥ ከ«እንዴት አደሩ» በቀር ቃል አልተለዋወጥንም። እኔ ነኝ የተበደልሁት ብዬ ስለማምን ይቅርታ የሚጠይቀኝ እጠብቅ ነበር። እስቲ አስቡት!

ከዘመን መለወጫ በኋላ ጣሳዋን ይዤ ልወጣ ስል እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆመዋል። «እኔ ልያዝልሽ» አሉ። ሰጠኋቸው።

ያው ራኩባ፣ ያው አምስት ወንዶች። ጣሳዋ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። ቡቃያዎቹ አሁን ከጣት በልጠዋል፤ አንዷ ላይ ትንሽ ሐምራዊ አበባ ፈንድቷል። ሰብሳቢው ጎንበስ ብሎ አየ።

«ውኃ ረጭተሽበት ነው።»

«በጣትህ ንካው» አልሁት። ነካው። ጣቱን ሲያነሣ ሙጫው እንደ ክር ተሳበ። ፊቱ ትንሽ ተለወጠ፤ ግን እሱ እንዲህ በቀላሉ የሚረታ ሰው አይደለም።

«ሲበላ እንይ እንጂ።»

የራኩባው ዝንብ ሁሉ ያን ቀን የት እንደገባ እንጃ። በመጨረሻ እትዬ ከጥላው ጥግ አንዲት ትንኝ በክንፏ ይዘው መጡና ቅጠሉ ላይ አስቀመጧት። ተያዘች። ተንፈራገጠች። ቅጠሉ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ለመጠቅለል ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ይህን ነገርኋቸው። ሰብሳቢው ሰዓቱን እያየ ሻይ አዝዞ ጠጣ። ሻዩ ሲያልቅ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ኸላስ፣ በቃ» አለ። «ተያዘች እንጂ አልተበላች። ሙጫ ላይ የተጣበቀች ትንኝ ማንም አይቷል።»

«ትንሽ ብትታገሡ...»

«ጊዜ የለንም።»

አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ልለው አፌን ስከፍት እትዬ ቀደሙኝ። ለኮሚቴ ቀርቶ ለሱቅ ሰው ጮክ ብለው የማይናገሩት እትዬ፣ ጠረጴዛው ፊት ቆሙ።

«ይበላል ጌታዬ። እኔ ምስክር ነኝ። ጠዋት የያዘውን ቀትር ላይ ጠቅልሎት አይቻለሁ። መብላቱን ስላወቅሁ ነው ፍልሰታን ያስጾምሁት። አሥራ አምስት ቀን ከድኜ አስጾምሁት፣ ትልልቆቹ ሞቱብኝ። ባይበላ ኖሮ ለምን አስጾመው ነበር?»

ከዚያ ያ ሳቅ። ያው የግንቦቱ ሳቅ። አንዱ ወንበሩን ይዞ ሳቀ። ሰብሳቢውም እየሳቀ ወደኔ ዞረና «ሣር የምታስጾም መሃይም ነው ምስክር ብለሽ የምታመጪልን?» አለ።

ቃሉ ከእሱ አፍ ሲወጣ ሰማሁት። የኔው ቃል ነው። በሆሹ መካከል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እኔ የሰደብሁት። እትዬ ያን ጊዜ ወደኔ አላዩም፤ መሬት መሬት ነው ያዩት፤ ልክ እንደዚያ ቀን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከሌላ ሰው እንደ ሰማሁት ነው የማስታውሰው። ጠረጴዛውን በእጄ መታሁት፤ ብርጭቆው ወደቀ።

«መሃይም አይደሉም!» አልሁ። «እናንተ ሳታዩ ሳቃችሁ። እሳቸው ቁጭ ብለው አዩ፤ አይተው አመኑ፤ ባመኑት ደግሞ ኖሩበት። ስድስት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ተማሪ አላገኘሁም። ከእናንተ ውስጥ የተማረውን እንዲህ ያመነ ሰው አለ? ወረቀት ነው እንጂ ያላችሁ! እናንተ ለልጆች ትምህርት ቤት ልትከፍቱ? የምትጠይቅ ሴት ፊት የምትስቁ?»

ብዙ ተናገርሁ። ሰብሳቢው ስጨርስ ደብተሩን ገለጠና ጮክ ብሎ እያነበበ ጻፈ፤ «አመልካቿ ሥነ ምግባር ይጎድላታል።» የሳይንሱ ክፍል፣ ኋላ እንደ ሰማሁት፣ ወረቀት ይዞ ለመጣ አንድ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ተሰጠ። ትንኟን የጠቀለለውን ቅጠል ማንም ሳያየው ጣሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ኾሩ ዳር ስንደርስ ውኃው ገና አልደረቀም ነበር። እትዬ ደክሟቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እኔም ጣሳዋን በመካከላችን አስቀምጬ ተቀመጥሁ።

«ልጄ፣ አትቆጪኝና አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «ምን በደልኋቸው? ውኃቸውን አላጓደልሁም። ጾም እኮ አይገድልም።»

«ጾሙ አይደለም እትዬ። ትንኟ ለሱ እንደ ቅመም ናት፤ ያለሷም ይከርማል። ምግቡን የሚሠራው በፀሐይ ነው። የገደለው ጨለማው ነው።»

«ጨለማው» አሉ። ጣሳዋን ወደ ፀሐይ ዞር አደረጓት። «ስንት ዓመት ይኖራል?»

«ዓመት እንኳ አይሞላውም። በሰኔ ይበቅላል፣ በጥቅምት ዘሩን ጥሎ ይሞታል።»

«እንግዲያ ሰባት ዓመት አይሞላውም?»

«መቼም አይሞላውም።»

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «እንግዲያ ትልልቆቹም ሕፃናት ነበሩ» አሉ።

ከዚያ አለቀሱ። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም፤ ኋላ ግን በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዙ፣ ልቅሶ ቤት እንደሚለቀሰው አለቀሱ። ሁለት ስም እየጠሩ አለቀሱ። ለሣር ብቻ እንዳልሆነ ለማወቅ መማር አያስፈልግም። እዚያ ኾር ዳር የሚከለክላቸው ቀበሌ አልነበረም። እኔም አብሬ አለቀስሁ።

ሲበቃቸው እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ይማሩኝ እትዬ። መሃይም ያልሁዎትን፣ ገደልሻቸው ያልሁዎትን ይማሩኝ።»

በትከሻዬ ይዘው አነሡኝ። «አልነገርሽኝማ» አሉ፣ ያለ ምንም ቂም። «ብትነግሪኝ አልከድነውም ነበር።»

እስከ ዛሬ በኮሚቴው እናደዳለሁ፤ ያ ሰብሳቢ ዛሬ ቢመጣ ዛሬም ጠረጴዛውን እመታለሁ። በራሴ የምናደደው ግን ይበልጣል። አስተማሪ ነኝ እያልሁ በየራኩባው ስጮህ፣ አጠገቤ ቁጭ ብለው ከጠዋት እስከ ቀትር አንድ ቅጠል የተመለከቱትን ሰው አንዲት ነገር አላስተማርኋቸውም። ስለ ጾም ሲጠይቁኝ ቀለድሁ፤ ስሄድ አዘዝሁ። ብርሃን ካላየ አይበቅልም የምትለውን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመናገር ስንት ትንፋሽ ይፈጅ ነበር?

ዘሩ በጥቅምት ደረሰ። በወረቀት ጠቅልለን የመርፌው ቆርቆሮ ውስጥ ከተትነው። በሚቀጥለው ሰኔ የዘሩት እትዬ ናቸው፤ ከመዝራታቸው በፊት ግን አሸዋው ለምን እንደሚታጠብ፣ ውኃው ለምን ከሥር እንደሚገባ፣ ዘሩ ለምን እንደማይቀበር አንድ በአንድ ጠየቁኝ፤ እኔም አንድ በአንድ መለስሁላቸው።